ብሎንን በዳቦ ምድጃ ያሳረፉት አቶ ባንታምላክ ደረሰ

ከኡም ጋርጉር፣ ከባሱንዳና ከገዳሪፍ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም በእምነት ሳንመሳሰል ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ በዚህ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አብራችሁን የቆማችሁ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን፣ አሁን የምናነብላችሁ የአቶ ባንታምላክ ደረሰን የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩ የተሰበሰበው ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው፣ በሥራ ከሚያውቋቸው ሰዎች፣ እንዲሁም እሳቸው ራሳቸው ይጽፉባቸው ከነበሩ አሥራ አንድ ደብተሮች ሲሆን፣ የሰው ትዝታና ደብተሩ ባልተስማሙበት ቦታ ሁሉ ደብተሩን ተከትለናል፤ ደብተሩም ዝም ባለበት ቦታ በእርግጠኝነት አናውቅም ብለን አልፈናል። አቶ ባንታምላክ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት ስለዚህ ጽሑፍ ተጠይቀው፣ «ሰው አንዴም ሳይስቅ የሚያልቅ ከሆነ የእኔ አይደለምና አታንብቡት» ብለዋል። ስለዚህ የሚያስቅ ቦታ ሲደርስ ሳቃችሁን አፍናችሁ እንዳትይዙት ቤተሰቡ ይለምናችኋል።

አቶ ባንታምላክ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ይርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባየሁ ታከለ በጎንደር ክፍለ ሀገር በጭልጋ አውራጃ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩ መስከረም ወይም ጥቅምት እንደሆነ ይነገራል፤ እናታቸው ያስታውሱ የነበረው ዝናቡ አቁሞ አዝመራው ገና ያልታጨደበት ጊዜ መሆኑን ብቻ ነው። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ብረት የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ስለነበር፣ ገበሬው ማረሻውን ከአቶ ደረሰ እጅ እየተቀበለ ከቤታቸው ግን እህል አይቀምስም ነበር። ወይዘሮ ውባየሁም ልጃቸውን አቶ ባንታምላክን ገና በሕፃንነታቸው ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሯቸው፣ ልጅ የታቀፈች ሴት ከፊታቸው ስትመጣ ዓይናቸውን ወደ መሬት እንዲሰብሩና እስክታልፍ ድረስ ቀና እንዳይሉ ነበር።

በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙ ሲሆን፣ በኋላም በከተማው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከትምህርት በሚተርፋቸው ሰዓት ከአባታቸው ወናፍ ሥር ተቀምጠው የተወለወለ ብረት ሲሞቅ በላዩ የሚወጣውን ቀለም፣ መጀመሪያ ፈዛዛ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ እያሉ ለይተው ማወቅ የቻሉት አሥር ዓመት ሳይሞላቸው እንደነበር ታላቅ እኅታቸው ይመሰክሩ ነበር። ሙያውን ይወዱት ነበር፤ ከሙያው ጋር የሚመጣውን ስም ግን አልወደዱትም። በ1971 ዓ.ም. በሃያ ዓመታቸው ከሰሊጥ አጫጆች ጋር በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገሩም ለእናታቸው የነገሯቸው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ የማን ልጅ ነህ ተብለው ሳይጠየቁ ብረት የሚሠሩበት አገር መፈለግ።

በመጀመሪያው ዓመት ሰሊጥ አጨዱ። ይሁን እንጂ አብረዋቸው የሚያጭዱት ሰዎች ማጭዳቸውን እሳቸው ዘንድ እያመጡ ሳልልን ማለት በማብዛታቸው፣ ሁለተኛው ዓመት ሳይጋመስ ማጨዱ ቀርቶ መሳሉ ብቻ ሥራቸው ሆነ። ከዚያም ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ሄደው ከኤርትራ በተሰደዱት፣ በቶርኖ ማሽን ብረት በሚቀርጹት በአቶ ኣስፋሃ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አቶ ኣስፋሃ በወጣትነታቸው በባቡር ጥገና ቤት የሠሩ፣ ብዙ የሚያውቁና ትንሽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አቶ ባንታምላክም በየቀኑ የሠሩትን በደብተር መጻፍ የጀመሩት እዚያ ነው።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሓረጉ ጸጋብርሃን ጋር የተዋወቁትም በዚያው በኡም ጋርጉር ነው። ወይዘሮ ሓረጉ በ1977 ዓ.ም. ከትግራይ ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው የመጡ ሲሆን፣ ውኃ የሚቀዱበት የእጅ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ሊጠግኑ የተላኩት አቶ ባንታምላክ ነበሩ። ፓምፑ በአንድ ቀን ተጠገነ። ሆኖም አቶ ባንታምላክ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ቁልፋቸውን ይዘው እየመጡ ዳዶውን ሲፈቱና ሲያጠብቁ ስለታዩ፣ በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ሓረጉ እንስራቸውን አስቀምጠው፣ «ወንድሜ፣ ይህ ፓምፕ አልታመመም። የታመመው ሌላ ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይላክ» አሏቸው። ሽማግሌ ተላከ፤ በ1981 ዓ.ም. ጥር ወር ተጋቡ፤ ፀደይን፣ ሓይሉንና ትሁትን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. በገዳሪፍ የራሳቸውን ወርሻ፣ ማለትም የጥገና ቤት፣ ከፍተው የትራክተር ማረሻ፣ የተሳቢ መጎተቻና የመኪና ባሌስትራ መጠገን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት፣ እሳቸው እንደተመኙት፣ የማን ልጅ እንደሆኑ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

አሁን የምናነበውን ክፍል እንድናነብ የፈቀዱልን፣ እንዲያውም አንድም ቃል እንዳንቀንስ ያዘዙን፣ እዚህ ከፊት ለፊታችን የቆሙት አቶ ይልቃል ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የመተማው ሰው አቶ ይልቃል በባሱንዳ በአንድ ሰፊ እርሻ የትራክተር ሾፌሮች አለቃ ነበሩ። ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የዲስክ ማረሻውን የዛጉ ብሎኖች፣ ቁጥራቸው አርባ፣ ለማስጸዳት ወደ አቶ ባንታምላክ አመጡ። ብሎኖቹ በራሳቸው ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ የሚል ቁጥር የተመታባቸው፣ በገበያው ከሚገኙት ሁሉ ጠንካሮቹ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በገዳሪፍ ወርሻዎች ሁሉ የተለመደው አሠራር የዛገ ብሎን የባትሪ አሲድ ባለበት ባልዲ ውስጥ ማሳደር ነበር፤ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ሁሉም ነገር እንዲያብረቀርቅለት ይፈልጋልና። አቶ ባንታምላክም እንደ ሌላው አሳድረው፣ አጥበው፣ ዘይት ቀብተው ሰጡ። በማግስቱም አጠባበቁን ለማየት ወደ ባሱንዳ ወርደው፣ ማረሻውን ዞረው ተመልክተው፣ ደስ ስላላቸው፣ «እንዴት ያማረ ማረሻ ነው!» ብለው አድንቀው ተመለሱ።

ማረሻው ያን ሌሊት ከግራር ጥላ ሥር ቆሞ አደረ። ሲነጋ ገና አንድ ስንዝር መሬት ሳይገለብጥ የአሥራ አንዱ ብሎን ራስ ተቆርጦ መሬት ላይ ረግፎ ተገኘ። አቶ ይልቃል የረገፉትን በሻሻቸው ቋጥረው ገዳሪፍ ገቡ፤ በወርሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፏቸውና ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ አሉ፤ «እያቸው! እያቸው እንጂ፣ ማየት መቸም ታውቅበታለህ! አላረሰ፣ አልጎተተ፣ ቆሞ ነው የረገፈ። ‹አማረ› ባልኸው በማግስቱ! እኔ ደሞ የጭልጋ ቀጥቃጭ ልጅ መሆንህን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ቃሉ አቶ ባንታምላክ ከወርሻው ሳይወጡ ሰፈር ደረሰ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በደብተሩ ላይ የተጻፉት ደንበኞች ሦስት ብቻ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ እናቶች አቶ ባንታምላክ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ከእነዚህም አንዷ ሦስት ሳምንት የሞላው ወንድ ልጅ የታቀፉት የአቶ ይልቃል ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ሥራውን ትተው በእህል ገበያው ጆንያ እንዲሸከሙ፣ ወይም ቤታቸውን ነቅለው ወደ ከሰላ እንዲሄዱ የመከሯቸው ወዳጆች ነበሩ። ወይዘሮ ሓረጉ ግን ጎረቤት ወሬውን ይዞ በመጣ ቁጥር፣ «የባሌ ዓይን ብረት የሚቆርጥ ቢሆን ኖሮ ለመጋዝ ስንሯሯጥ ባልኖርን!» እያሉ ይመልሱ ነበር። አቶ ባንታምላክ ሰው ፊት ይስቃሉ፤ በደብተራቸው የጻፉት ግን ሌላ ነው። የሰኔ 4 ቀን ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፤ «ምናልባት እውነት ቢሆንስ? እናቴ በከንቱ ነው ዓይኔን ያሰበረችኝ? እኔም አላውቅም። መጀመሪያ ይጣራ።»

ማጣራቱንም ጀመሩ። የአቶ ይልቃልን አሥራ አንድ ስብርባሪ ከሌሎች ወርሻዎች ከለመኗቸው አሥራ ሁለት ጋር ደምረው ሃያ ሦስቱን በጨርቅ ላይ በተርታ ደረደሩ፤ እያንዳንዱ መቼ እንደታጠበ፣ መቼ እንደጠበቀ፣ መቼ እንደተሰበረ ባለቤቶቹን እየዞሩ ጠየቁ። ሃያ ሦስቱም አሲድ ውስጥ ያደሩ ነበሩ። ሃያ ሦስቱም ከጠንካራው ዓይነት ነበሩ። በዚያው ባልዲ አብረው ያደሩት ለስላሳ ብሎኖች አንዳቸውም አልተሰበሩም፤ ጠንካሮቹም ቢሆኑ በአሲድ ሳይሆን በሽቦ ብሩሽ የጸዱት አልተሰበሩም። የተሰበሩትም ሲጠብቁ አይደለም የተሰበሩት፤ ከጠበቁ በኋላ ባንደኛው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ስብራቱም ብረት ተስቦ ሲበጠስ እንደሚሆነው አልቀጠነም፤ እንደ ስኳር ድንጋይ የሚያብለጨልጭ ሆኖ ድንገት የተቆረጠ ነው። አቶ ባንታምላክ ይህን ሁሉ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ከሥሩ፣ «ከእነዚህ ሃያ ሦስት ውስጥ እኔ ሳይሰበሩ በዓይኔ ያየሁት አሥራ አንዱን ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር ጨምረዋል።

ስብርባሪውን በከረጢት ይዘው ወደ ቀድሞ አለቃቸው ወደ አቶ ኣስፋሃ ኡም ጋርጉር ወረዱ። አቶ ኣስፋሃ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፎ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ስብራቱን በጣታቸው ዳስሰው፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ እኛ ስፕሪንግ ከአሲድ ስናወጣ ምድጃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳናውል ለማንም አንሰጥም ነበር» አሏቸው። አቶ ባንታምላክ ለምን ብለው ቢጠይቁ፣ «ለምን የሚለውን አለቃችን ብቻ ነው የሚያውቅ። እኔ እንዳይቆጣኝ ብዬ አደርገው ነበር» ብለው መለሱ። ከዚህ በላይ የሚያውቁት አልነበረም፤ ነገር ግን በቂ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሳይበርድና ከልክ በላይ ሳይግል የሚውል ምድጃ በገዳሪፍ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ወርሻው አጠገብ ያለው የአቶ ሁዜይፋ ዳቦ ቤት። አቶ ባንታምላክ የተወለወለ ብረት በጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው ውስጥ አስገብተው ቀለሙን ቢያዩ ፈዛዛ ገለባ ሆኖ አገኙት፤ የፈለጉትም ብረቱን ሳያለሰልስ የሚያሞቀውን እሱኑ ነበር። ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ አቶ ሁዜይፋ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ያ ኡስታ፣ አንተ የሙያ ሰው፣ በዚህ ምድጃ ዳቦ ጋግሬያለሁ፣ የሠርግ በግ ጠብሻለሁ። ብሎን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን አባቴ አላስተማረኝም» አሉ፤ ፈቀዱም።

ከዚያ በኋላ አቶ ባንታምላክ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች፣ አቶ ይልቃልንና አቶ ሁዜይፋን ሰብስበው አንድ ፈተና አቀረቡ። ፈተናው ሁለት ነገር ብቻ እንዲለይ ነበር የፈለጉት፤ ብረቱን የሚሰብረው ዓይናቸው ነው ወይስ አሲዱ? አንድ ቁጥር ያላቸው አሥራ ሁለት አዳዲስ ጠንካራ ብሎኖች ከአንድ ሣጥን ወጡ። አሲድ ውስጥ የነከሯቸው፣ ያወጧቸውና ያጠቧቸው አቶ ይልቃል በገዛ እጃቸው ነው። ስድስቱ በሞረድ ምልክት ተደርጎባቸው ዳቦው እንደወጣ ወደ አቶ ሁዜይፋ ምድጃ ገብተው እስከ ምሽት ዋሉ፤ ስድስቱ ደግሞ ለዚያው ያህል ሰዓት በመደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በመሸም ጊዜ አሥራ ሁለቱንም በአንድ ወፍራም ብረት ላይ፣ በአንድ ቁልፍ፣ እኩል አድርገው ያጠበቁ አሁንም አቶ ይልቃል ናቸው።

እዚህ ላይ አቶ ባንታምላክ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያወራውን ነገር አደረጉ። ያልጋሉት ስድስት ብሎኖች በጨርቅ እንዲሸፈኑ ካደረጉ በኋላ፣ ምድጃ ውስጥ የዋሉትን ስድስቱን ግን አንድ በአንድ ቀርበው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩ፣ «እንዴት ያማራችሁ ናችሁ! እንዴት የሚያበራ ገላ ነው! እንዲህ ያለ ብሎን በገዳሪፍ ታይቶ አይታወቅም!» እያሉ ሽማግሌዎቹ እስኪበቃቸው ድረስ አደነቋቸው። «እንግዲህ ዓይኔ የሚበላ ከሆነ የሚረግፉት እነዚህ ናቸው፤ ያኔ እኔ ራሴ ወርሻውን ዘግቼ ጆንያ እሸከማለሁ። እነዚያን ግን አላየኋቸውም፤ ወደፊትም አላያቸውም» ብለው፣ የወርሻውን በር ቁልፍ ለሽማግሌዎቹ አስረክበው፣ ስምንት ቀን እስኪሞላ ድረስ ኡም ጋርጉር ወርደው ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ በየተራ ይጠብቁ ነበር። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሻይ እየጠጡ ሳለ ከጨርቁ ሥር እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ተሰማና የአንድ ብሎን ራስ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከአግዳሚው ሥር ገብተው የነበረ ሲሆን፣ ስማቸውን እንዳንጠራ ስለለመኑን አንጠራም። ማታውን ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውና አራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን አምስተኛው ተሰበረ። አምስቱም ያልጋሉትና አቶ ባንታምላክ ያላዩዋቸው ነበሩ። የጋሉትና የተደነቁት ስድስቱ ስምንተኛው ቀን እስኪሞላ እንዳሉ ቆዩ። ከስድስቱ ካልጋሉት አንዱ ግን ሳይሰበር ቀረ። አቶ ባንታምላክ ተመልሰው መጥተው ሰው ሁሉ ሲያቅፋቸው መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ስድስተኛው ለምን አልተሰበረም?» የሚል ነበር፤ መልሱን ሳያገኙ በደብተራቸው «አልታወቀም» ብለው መዝግበውታል።

አቶ ይልቃል በዚያው ቀን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀድሞ የጮኹትም በሰው ፊት ነውና። ይቅርታው ግን ለአቶ ባንታምላክ የመጨረሻው ነገር አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ከባላቸው ጋር ሳይማከሩ፣ ልጃቸው አርባ ቀን በሚሞላበት ሳምንት ወደ አቶ ባንታምላክ ቤት መጥተው፣ «እኔ እንደ ወንዶቹ ብሎን አልቆጥርም። ልጄን ክርስትና ያንሱልኝ» አሏቸው። አቶ ባንታምላክም፣ «ሕፃን አይቼ አላውቅም፤ የራሴንም ልጆች ቢሆን በፍርሃት ነው ያየኋቸው። ልብሴን ላጥብና እመጣለሁ» ብለዋል። እሑድ ዕለት በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ካህኑ ከመጠመቂያው አውጥተው ሲሰጧቸው፣ ሕፃኑን ተቀብለው ፊት ለፊት አዩት። ወይዘሮ ሓረጉ እንደሚሉት የዚያን ዕለት ያለቀሱት ሁለት ነበሩ፤ ሕፃኑ ግን ቀድሞ ዝም አለ። ያ ልጅ ይታያል ይልቃል ነው፤ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የገዳሪፍ ወርሻዎች ሁሉ ጠንካራ ብሎናቸውን ወደ አቶ ሁዜይፋ ማምጣት ጀመሩ። ማክሰኞና ዓርብ የብሎን ቀን ሆነ። አንድ ጊዜ ተረስታ የቀረች የብሎን ቀለበት ከዳቦ ውስጥ በወጣች ጊዜ ደንበኛዋ ተቆጥተው ቢመጡ፣ አቶ ሁዜይፋ፣ «እመቤቴ፣ ሐኪም ብረት ለደም ጥሩ ነው አላለዎትም?» ብለው ሸኟቸው፤ ሴትዮዋም እየሳቁ ሌላ ዳቦ ይዘው ሄዱ። አቶ ባንታምላክ በበኩላቸው ከዳቦ ቤቱ ይልቅ የሚወዱት ብሎኑን መጀመሪያውኑ ከአሲድ ማዳንን ነበር። ለመጣው ሁሉ ዝገትን በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ እንዲያነሳ፣ አሲድ ግድ ከሆነ በደቂቃ እንዲቆጥርና ሳይውል ሳያድር ወደ ምድጃ እንዲወስድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ የጠነከረ ብሎን እንዳይመርጥ ይመክሩ ነበር፤ ለስለስ ያለ ወፍራም ብሎን ከጠንካራ ቀጭን የተሻለ ይታገሣል ይሉ ነበርና። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ መጎተቻ ላይ የሚገባውን ደግሞ ስምንት ቀን አጥብቀው ሳያቆዩ አይሰጡም ነበር። ገበሬ ዝናብ መጣብኝ ብሎ ቢለምንም፣ ቢቆጣም፣ ስምንቱ ቀን ሰባት ሆኖ አያውቅም።

በ2006 ዓ.ም. በካርቱም ምሕንድስና ትማር የነበረችው ልጃቸው ፀደይ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ የዐረብኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ያንተ ነገር ስም አለው እኮ፤ የሃይድሮጅን ስብራት ይባላል» አለቻቸው። ጠንካራ ብረት አሲድ ውስጥ ሲነከር ሃይድሮጅን የሚባል ከሁሉ የሚያንስ ነገር ወደ ውስጡ እንደሚገባ፣ ብረቱ በጠበቀ ጊዜ ውጥረቱ ወደበዛበት ቦታ እየተሰበሰበ ከውስጥ እንደሚሰነጥቀው፣ ብረቱ በጠነከረ መጠንም ለዚህ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጥ፣ ለስለስ ያለ ሙቀት ደግሞ እንደሚያስወጣው አነበበችላቸው። አቶ ባንታምላክ ሁለት ጊዜ ካስነበቡ በኋላ፣ «እንዲህ ትንሽ ከሆነ እኔን ማየቱ ለይልቃል ቀሎት ነው፤ አይፈረድበትም» አሉ። ቀጥሎም ስለ ስድስተኛው ብሎን ምን ይላል ብለው ጠየቁ። መጽሐፉ ስለ ስድስተኛው ብሎን ምንም አይልም። ፀደይ ምናልባት ሲሠራ ከሌሎቹ ትንሽ ለስልሶ ይሆናል፣ ወይም አቶ ይልቃል ደክሟቸው በደንብ አላጠበቁት ይሆናል ብላ ገመተች፤ አቶ ይልቃል ግን ይህን ሁለተኛውን ግምት እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ በጎረፈ ጊዜ አቶ ባንታምላክ ልባቸው መድከም ጀምሮ ነበር። ሐኪም እንዲያርፉ ቢነግራቸውም የውኃ ቦቴዎችን መጎተቻ ለመጠገን በየቀኑ ወርሻ ይገቡ ነበር፤ መዶሻ ማንሣት ሲያቅታቸውም ወንበር ላይ ተቀምጠው ብሎን በጣታቸው እያሻሹ ይመርጡ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ በእሳቸው እጅ ያለፈ የቦቴ ብሎን ተሰበረ የሚል መዝገብ አላገኘንም፤ ያልተመዘገበ ሊኖር ይችላል ብለንም ሾፌሮቹን ጠይቀን፣ እነሱም የለም ብለውናል።

ካለፈው ዓመት ግንቦት ጀምሮ ሕመሙ ጠናባቸው። በሆስፒታል ሁለት ጊዜ ታክመው፣ በራሳቸው ምርጫ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ ወይዘሮ ሓረጉና ልጆቻቸው ቀን ከሌት ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ ትናንት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ሥጋ ወደሙ ከተቀበሉ በኋላ በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈዋል። በመጨረሻው ሳምንት ከሚጠይቋቸው ሰዎች ጋር ይጫወቱ ነበር። አቶ ሁዜይፋ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ያ ኡስታ፣ ምድጃው ባንተ ብሎን ለምዶ ዳቦ አልበስል እያለኝ ነው፤ ተነሣና ገሥጸው» ባሏቸው ጊዜ፣ «ልጆቼ አሉልህ» ብለው በሳቅ መልሰውላቸዋል።

አቶ ባንታምላክ ደረሰ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሓረጉ ጸጋብርሃንን፣ ልጆቻቸውን መሐንዲስ ፀደይን፣ ሓይሉንና ትሁትን፣ የልጅ ልጃቸውን ዳናይትን፣ በጭልጋ የሚኖሩ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ወንድሞቼ ናቸው የሚሏቸውን አቶ ሁዜይፋንና አቶ ይልቃልን ትተውልን አልፈዋል። ከእነዚህም ሌላ የክርስትና ልጆቻቸው ቁጥር ሠላሳ አራት ነው። ቁጥሩን ከደብተራቸውና ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክረነዋል። ከእነሱ ታላቁ ይታያል ይልቃል፣ ታናሹ ከካርቱም ተፈናቅለው ከመጡ ወላጆች የተወለደውና ባለፈው መስከረም፣ እሳቸው መቆም ስላቃታቸው ወንበር ቀርቦላቸው ተቀምጠው በአርባ ቀኑ የተቀበሉት ሕፃን ነው።

አምላካችን ሆይ፣ ሥራውን ወዶ የሠራውን፣ የማያውቀውን አላውቅም ያለውን፣ የበደለውን ሰው ወንድም ያደረገውን አገልጋይህን ባንታምላክን ድካም ወደሌለበት አግባው፤ ነፍሱን ከአባቶቹ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ አኑርልን፤ ለወይዘሮ ሓረጉና ለልጆቻቸው፣ ለሁላችንም መጽናናትን ስጠን። አሜን።

አስከሬናቸውን ተሸክመው ወደ መቃብር የሚያደርሱት፣ እንደ ወይዘሮ ሓረጉ ፈቃድ፣ የክርስትና ልጆቻቸው ናቸው። ይታያል በቀኝ በኩል ከፊት፤ ሌሎቻችሁ በዕድሜያችሁ ተራ ተከተሉት። ትከሻችሁ የማይደርስ ትንንሾቹ በእጃችሁ ሣጥኑን ንኩ፤ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ታቅፈዋቸው ከፊት ይሂዱ። አሁን ቅረቡ።